«ሁለት ሲባዛ በሁለት አራት ነው»፦ የሐኪም ማዘዣ ላይ ያሉ አጫጭር ፊደላት ምን እያሉ ነው?

ነሐሴ 2017 ላይ አክስቴ ጨጓራዋ አላስተኛ ሲላት ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ ባህር ዳር እኛ ጋ አረፈች። ታየች፣ ተመረመረች፣ ባክቴሪያ አለብሽ ተባለች፣ ሶስት አይነት መድኃኒት ተገዝቶላት ወደ ቤት ገባን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አራት ካፕሱል አንዴ መዳፏ ላይ ዘርግታ በውሃ ስታወራርድ አየኋት። ምንድነው ይሄ ሁሉ ስላት የፓኮውን ጀርባ አዙራ አሳየችኝ፣ በእስክሪብቶ «2×2» ይላል። «ሁለት ሲባዛ በሁለት ስንት ነው? እኔ እኮ በመሠረተ ትምህርት ማባዛት ተምሬያለሁ» አለችኝ።

ሂሳቡ ልክ ነው እኮ፣ ምን ትላታለህ። የተጻፈው ግን «ሁለት ሁለት ፍሬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ለማለት ነበር። የሸጠልን ልጅ ጋ ደውለን ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምትቀጥል ነገራት፣ ከማቅለሽለሽ በቀር ብዙም አልጎዳትም። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ደብረ ታቦር የሚሰራ ፋርማሲስት ወንድም አለኝ፣ ሲመጣ ወረቀቱን አስይዤ ፊደል በፊደል አስፈታሁት። ከሱ የሰማሁትንና ራሴ ያገላበጥኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ፊደሎቹን እንደ ድምፃቸው በኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው፣ ቢ.አይ.ዲ ስል ወረቀቱ ላይ የምታዩት ሶስቱን የፈረንጅ ፊደላት ነው።

ወረቀቱ ለማን ነው የተጻፈው?

ለናንተ አይደለም። ይሄን ካወቃችሁ ግማሹ ግራ መጋባት ያልቃል። ማዘዣ ማለት ሐኪሙ ለፋርማሲስቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፣ እናንተ ደብዳቤ አድራሽ ናችሁ። ድሮ ማንበብ የማይችል ሰው የሌላ ሰው ደብዳቤ ይዞ አገር እንደሚያቋርጠው ማለት ነው። ለናንተ የሚጻፈው ሁለተኛው ጽሑፍ ነው፣ ፋርማሲው ፓኮው ላይ ወይም ፖስታው ላይ የሚጽፈው። አክስቴን ያሳሳታትም የሐኪሙ ላቲን አልነበረም፣ ለሷ ተብሎ የተጻፈው «2×2» ነው።

ላቲን ለምን ሆነ ካላችሁ፣ የአውሮፓ ሕክምና ለብዙ ዘመን የሚጻፈው በላቲን ስለነበር ነው። እኛ ጋ ግዕዝ እንዳለው ማለት ነው፣ ጣና ገዳማት ብትሄዱ ማንም ገበያ ላይ አይናገረውም፣ ቅዳሴውና መጽሐፉ ግን በሱ ነው። ሐኪሞቹም ቋንቋውን ትተው ቃላቱን አስቀሩ፣ ከቃላቱም የመጀመሪያ ፊደላቱን ብቻ። ማሳጠሩ ደሞ ለኛ ምን አዲስ ነገር ነው፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ገ/ማርያም እያልን አይደል የምንኖረው። ት/ቤት የሚለውን ማንም «ት ሰረዝ ቤት» ብሎ አያነብም፣ ፋርማሲስቱም ቢ.አይ.ዲን ሲያይ ዓይኑ ቀጥታ «በቀን ሁለቴ» ነው የሚያነበው።

ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር በፊት የምታዩት አር እግሯ ላይ መስመር የተሰረዘባት ምልክትም (አር ኤክስ የምትባለው) ከዚያው ናት። «ረቺፔ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፣ «ውሰድ» ማለት ነው። ፈረንጆቹ የምግብ አሰራርን ሬሲፒ የሚሉትም ይሄንኑ ቃል ነው። የግብፅ አምላክ ዓይን ነው ምናምን የሚል ተረትም ይዞራል፣ ብዙ አትስሙት።

አንድ መስመር እንዴት ይነበባል?

የአክስቴ ወረቀት ላይ አንደኛው መስመር ወደኛ ፊደል ሲመለስ እንዲህ ይል ነበር፦ «ካፕ አሞክሲሲሊን 1 ግራም ፒ.ኦ ቢ.አይ.ዲ ለ14 ቀን»። በቃ የማዘዣ መስመር ማለት ይሄ ነው፣ ሁሌም ቅደም ተከተሉ እንደዚህ ነው ማለት ይቻላል፦ በምን መልክ፣ ምን፣ ምን ያህል፣ በየት በኩል፣ በቀን ስንቴ፣ ለስንት ቀን።

ካፕ ካፕሱል ነው፣ ታብ ኪኒን፣ ሲር ሽሮፕ፣ ሳስፕ ተበጥብጦና ተነቅንቆ የሚጠጣው፣ ኢንጅ መርፌ። ፒ.ኦ «በአፍ» ማለት ነው። አይ.ኤም ከሆነ ጡንቻ ላይ የሚወጋ፣ አይ.ቪ በደም ስር፣ ኤስ.ሲ ከቆዳ ስር (ኢንሱሊን እንደሚወጋው)፣ ኤስ.ኤል ከምላስ ስር የሚቀመጥ፣ ፒ.አር ደሞ በፊንጢጣ የሚገባ። የመጨረሻው እንዳያስቃችሁ፣ ፋርማሲው አፍሮ በደንብ ሳይነግረው ቀርቶ የዋጠው ሰው አለ ይላል ወንድሜ።

አሁን ሂሳቡን እንየው፣ እኔ የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ሐኪሙ 1 ግራም ብሏል፣ 1 ግራም 1000 ሚሊግራም ነው፣ ፋርማሲው ያለው ካፕሱል 500 ሚሊግራም ነው፣ ስለዚ በአንዴ ሁለት ፍሬ። ቢ.አይ.ዲ ነው፣ ስለዚ በቀን አራት። ለ14 ቀን፣ ስለዚ 56 ፍሬ። እኔ ቤት ገብቼ ቆጠርኩት፣ አክስቴ ስምንቱን ውጣለች፣ 48 ቀርቷል፣ ልክ ነው። ይሄን ማንም ሰው በስልኩ ካልኩሌተር ሊሰራው ይችላል፣ የሰጧችሁ ቁጥር ከሂሳቡ ጋ ካልገጠመ ወይ አጉድለዋል ወይ እናንተ የተረዳችሁበት መንገድ ተሳስቷል፣ ሁለቱም ቢሆን ተመልሶ መጠየቅ ነው። መስመሩ ላይ የመሰላል ምልክት ያለበት ቁጥር ካያችሁ (ስልክ ላይ ሀሽ የምንላት) እሱ ጠቅላላ የፍሬው ብዛት ነው።

«ለ14 ቀን» የሚለውን አንዳንዱ ሐኪም በእንግሊዞች ልማድ በክፍልፋይ ነው የሚጽፈው። ከስር 7 ካለ ቀን ነው፣ ሳምንት 7 ቀን ስላለው፣ 5/7 አምስት ቀን ማለት ነው። ከስር 52 ካለ ሳምንት ነው፣ 12 ካለ ወር። ስለዚ 2/52 ሁለት ሳምንት፣ 3/12 ሶስት ወር። 3/12ን ነሐሴ 3 ነው ብሎ ቀጠሮ መስሎት የጠበቀ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ቢ.አይ.ዲ፣ ቲ.አይ.ዲ፣ ኪው.አይ.ዲ እንዴት ላስታውስ?

ባህር ዳር ከሆናችሁ ከበራችሁ ወጥታችሁ መንገዱን ማየት ነው። ቢስክሌት ሁለት ጎማ አላት፣ ቢ.አይ.ዲ በቀን ሁለቴ ነው። ቢስክሌት የሚለው ላይ ያለችው «ቢ» እና የማዘዣዋ «ቢ» ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁለቱም ከላቲን የመጡ «ሁለት» ማለት ናቸው። ባጃጅ ሶስት ጎማ ነው፣ ቲ.አይ.ዲ በቀን ሶስቴ። መኪና አራት ነው፣ ኪው.አይ.ዲ በቀን አራቴ። አይ.ዲ የምትለዋ መጨረሻ ሁሉም ጋ አንድ ናት፣ «በቀን ውስጥ» ማለት ናት፣ መታወቂያ አይደለችም።

በቀን አንዴ የሚለው ነው ችግር ያለበት። ኦ.ዲ ተብሎ ይጻፋል፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ማለት ነው። ዓይን ሐኪም ጋ ከሄዳችሁ ግን ያችው ኦ.ዲ «ቀኝ ዓይን» ናት። ኦ.ኤስ ግራ ዓይን፣ ኦ.ዩ ሁለቱም። ስለዚ የዓይን ጠብታ ወረቀት ላይ ኦ.ዲ ካያችሁ በቀን አንዴ ይሁን ቀኝ ዓይን ላይ ይሁን ሳትጠይቁ አትውጡ። ጠብታ ራሱ በጂ.ቲ.ቲ ነው የሚጻፈው። ለትራኮማ የሚሰጠው ቅባት ደሞ ቲ.ቲ.ሲ ይባላል፣ ቴትራሳይክሊን ነው፣ የተለመደው በቀን ሁለቴ ለስድስት ሳምንት ነው፣ ማለትም ቢ.አይ.ዲ 6/52። ዓይኑ በሳምንቱ ተሻለኝ ብሎ የሚተወው ብዙ ነው፣ ስድስት ሳምንት የተባለው ግን ስድስት ሳምንት ነው።

አሜሪካኖቹ በቀን አንዴን ኪው.ዲ ብለው ይጽፉ ነበር፣ በመሀል ነጥብ ከገባችና ነጥቧ ከረዘመች ኪው.አይ.ዲ ትመስላለች፣ አንዴ የተባለው አራቴ ይሆናል ማለት ነው። ሆስፒታሎቻቸውን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን የሚባለው ድርጅት በ2004 (በፈረንጅ) «እነዚህን አትጻፉ» ብሎ ዝርዝር ሲያወጣ ኪው.ዲ አንዷ ነበረች።

አንዳንዱ ደሞ በቀን ስንቴ ከማለት በየስንት ሰዓቱ ነው የሚጽፈው፣ ኪው ብሎ ቁጥር ብሎ ኤች፣ ለምሳሌ ኪው.8.ኤች በየስምንት ሰዓቱ። እዚህ ጋ የኛ ሰዓት ጣጣ ይመጣል።

በየ8 ሰዓቱ እና 8 ሰዓት ላይ

«በየስምንት ሰዓቱ ውሰዱ» ሲባሉ በቀን አንዴ ስምንት ሰዓት ላይ ምሳ በልተው የሚውጡ ሰዎች አሉ። አትሳቁ፣ በስልክ ተቆራርጦ ለተነገረው ሰው ልዩነቱ አንዲት «በየ» ናት። በኛ ሰዓት ሲተረጎም ጠዋት 12፣ ከሰዓት 8፣ ማታ 4 ነው። በየ6 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ምሽት 12፣ ሌሊት 6። በየ12 ሰዓቱ ቀላል ነው፣ ጠዋት በጀመራችሁበት ሰዓት ማታም እሱኑ፣ 1 ከሆነ 1።

ሌላው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ፓኮ ላይ «8 ኤ.ኤም» ተብሎ ከታተመ ጠዋት 2 ሰዓት ነው እንጂ 8 ሰዓት አይደለም፣ ይሄን ወጣቱ ያውቀዋል፣ እናቶቻችን ግን ስልካቸው ራሱ በሀበሻ ሰዓት ነው የተሞላው። በሽተኛው የሚኖርበት ሰዓት የትኛው ነው ብሎ በዚያ መጻፍ ነው።

ቲ.አይ.ዲ እና በየ8 ሰዓቱ አንድ አይደሉም ወይ? ይቀራረባሉ። ቲ.አይ.ዲ ሲባል ብዙ ሰው ቁርስ ምሳ እራት ላይ ነው የሚወስደው፣ ሰዓቱ ከተጠቀሰ ግን ክፍተቱ እኩል ይሁን ማለት ነው። ለአንቲባዮቲክ ክፍተቱ ቁም ነገር ነው፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ እንደ ምድጃ እሳት ነው፣ ሶስቱን እንጨት ጠዋት ከምረህበት ማታ ድስቱ ይቀዘቅዛል።

ወባ ላይ ይሄ ነገር በደንብ ይታያል። ከክረምት መውጫ ጀምሮ፣ መስከረም ጥቅምት ኅዳር፣ ሀይቁ ዳር ያለ ሰው ስለ ኮአርተም ሳይሰማ አይውልም። ለአዋቂ አንዴ የሚወሰደው 4 ፍሬ ነው፣ ቢ.አይ.ዲ፣ ለ3 ቀን፣ በጠቅላላ 24። ግን የመጀመሪያው ቀን ቢ.አይ.ዲ ጠዋትና ማታ ማለት አይደለም፣ ሁለተኛው ዙር የሚወሰደው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ 4 ፍሬ ከዋጣችሁ ቀጣዩ ምሽት 12 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ሁለቱን ቀን ጠዋትና ማታ። ይሄን ሁሉ ነገር «ቢ.አይ.ዲ» የምትለዋ ሶስት ፊደል ውስጥ አታገኙትም፣ በአፍ ነው የሚነገረው። የወባው አይነት ሌላ ከሆነ ደሞ መድኃኒቱም ሌላ ነው፣ የጎረቤትን ትራፊ አትዋሱ።

ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ፣ ጾም ሲሆንስ?

ኤ.ሲ ከምግብ በፊት ነው፣ ፒ.ሲ ከምግብ በኋላ። ኤች.ኤስ ልትተኙ ስትሉ። የአክስቴ ወረቀት ላይ ኦሜፕራዞል ኤ.ሲ ይላል፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ገደማ በፊት፣ ምክንያቱም ጨጓራ አሲዱን መርጨት ሳይጀምር ቀድሞ መድረስ አለበት። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን አይነቶቹ ማስታገሻዎች ደሞ ፒ.ሲ የሚባሉት ባዶ ጨጓራን ስለሚቆጠቁጡ ነው።

ኮአርተም ደሞ ምግብ ብቻ ሳይሆን ቅባት ይፈልጋል፣ በወተት ውሰዱት የሚባለው ለዚያ ነው፣ ስብ ሲኖር በደንብ ይሰርጋል። ጾም ከሆነ ወተቱን ዘይት የገባበት ሽሮ ወይም አቮካዶ ሊተካው ይችላል፣ ባህር ዳር አቮካዶ መቼ ጠፍቶ።

ነሐሴ መሆኑን ነግሬያችኋለሁ፣ ፍልሰታ ነበር። አክስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ወረቀቱ ደሞ ከቁርስ በፊት ይላል፣ የትኛው ቁርስ? ሐኪሙ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም፣ ሁለቱም እኩል ጥፋተኛ ናቸው ብዬ አስባለሁ። በኋላ የንስሐ አባቷን አማክራ ፈቀዱላት። የረመዳን ጾመኛ ከሆናችሁም እንዲሁ፣ ቢ.አይ.ዲ የሆነ መድኃኒት ኢፍጣርና ሱሁር ላይ ሊገባ ይችል ይሆናል፣ ቲ.አይ.ዲ ግን የት ይገባል? ይሄን ሐኪሙ ፊት ሳላችሁ «እጾማለሁ» ብትሉት በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ የሚወሰድ ሌላ ሊያዝ ይችላል። ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ የምታሸጋሽጉት ነገር አይደለም። ጸበል የምትገቡም መድኃኒቱን ይዛችሁ ግቡ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው አቋርጦ መጥቶ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

ፒ.አር.ኤን እና ስታት

ፒ.አር.ኤን «ሲያስፈልግ» ነው። ሲያምህ ትወስዳለህ፣ ካላመመህ ትተዋለህ፣ ማስታገሻ ላይ ነው በብዛት የሚታየው። ሲያስፈልግ ማለት ግን እንዳሻህ ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ፒ.አር.ኤን ከተባለ ለአዋቂ በመሀሉ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ክፍተት ይኑረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ4 ግራም አይለፍ፣ ባለ 500ው ኪኒን ከሆነ ስምንት ፍሬ ማለት ነው፣ ጉበት የታመመ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ደሞ ከዚያም በታች። አንድ ወጥመድ አለ፣ የጉንፋን ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ፣ ስማቸው ሌላ ስለሆነ ሰው ደርቦ ይወስዳል። ወረቀቱ ላይ ያለውና ፓኮው ላይ በትልቁ ያለው ስም ካልገጠመ አትደንግጡ፣ ትልቁ የፋብሪካው ስም ነው፣ ከስሩ በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው፣ ፓናዶል ስር ፓራሲታሞል፣ ቮልታረን ስር ዲክሎፌናክ እንደሚለው።

ስታት «አሁኑኑ፣ አንዴ» ነው። ሀይቁ ውስጥ የሚውሉ ሰዎች፣ አሳ አጥማጁም፣ ዳር ላይ የሚዋኘው ልጅም፣ ቢልሃርዚያ ሲገኝባቸው ፕራዚኳንቴል ይሰጣቸዋል፣ በኪሎ 40 ሚሊግራም ተሰልቶ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2400 ሚሊግራም ይደርሰዋል፣ ባለ 600 ኪኒን 4 ፍሬ። እዚህ ጋ አራቱን አንዴ መዋጥ ትክክል ነው። አክስቴ የተሳሳተችው መድኃኒት ስለምትፈራ ወይ ስለማትፈራ አይደለም፣ አራት አንዴ የሚዋጥበት መድኃኒት በእርግጥ ስላለ ነው፣ ጎረቤቷ ሲውጥ አይታለች።

የልጆች ሽሮፕ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

«5 ኤም.ኤል ቲ.አይ.ዲ» ከተባለ 5 ሚሊ ሊትር ነው፣ ፋርማሲዎች አንድ የሻይ ማንኪያ ይሉታል። የሻይ ማንኪያ ግን ስንት አይነት ነው እቤታችን? የሾርባዋን ካነሳህ 15 ሚሊ ገደማ ነው፣ ሶስት እጥፍ። ስለዚ ከጠርሙሱ ጋ የምትመጣዋን ኩባያ ወይ ማንኪያ አትጣሉ፣ ከሌለች መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዙ፣ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል።

ሌላው «125/5» ወይም «250/5» የሚል ጽሑፍ ነው። ቀን አይደለም፣ 5 ሚሊው ውስጥ ስንት ሚሊግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። ቡናን አስቡት፣ አቦልና ቶና ሲኒያቸው አንድ ነው፣ ጉልበታቸው ለየቅል ነው። ሐኪሙ በ125ቱ አስቦ 5 ሚሊ ብሎ ፋርማሲው 250ውን ከሰጠ መጠጣት ያለበት 2.5 ሚሊ ነው፣ ይሄ መስተካከሉን በቃል አረጋግጡ። ዱቄት ሆኖ የሚመጣውን አሞክሲሲሊን ደሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እስከ መስመሩ መበጥበጥ ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ዕድሜው ብዙ ጊዜ የሳምንት ወይ የሁለት ሳምንት ነው፣ ለሚቀጥለው ጉንፋን ተብሎ አይቀመጥም።

ሐኪሞቹ ራሳቸው የሚፈሯቸው የትኞቹን ነው?

ነጥብና ዜሮን። 1.0 ሚሊግራም ተብሎ ነጥቧ ካልታየች 10 ነው። .5 ተብሎ ከፊት ዜሮ ከሌለ 5 ነው። አስር እጥፍ ስህተት በአንዲት የእስክሪብቶ ነጥብ። ኢንሱሊን ላይ ዩኒት ለማለት ዩ ብቻ ከተጻፈ ክብ ትሆንና 10 ዩ 100 ይመስላል። ማይክሮግራምና ሚሊግራም ደሞ ሲጻፉ ይመሳሰላሉ፣ በመሀላቸው ሺህ እጥፍ አለ። ሜቶትሬክሴት የሚባለው ደሞ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሲታዘዝ በሳምንት አንዴ ነው የሚወሰደው፣ በስህተት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሊሞት ይችላል፣ እና «በሳምንት» የሚለው ቃል ለሱ በሙሉ መጻፍ አለበት፣ የትኛው ቀን እንደሆነም ጭምር፣ «ሰኞ» ተብሎ።

ከላይ በኩል ያሉት ዲ.ኤክስ (በሽታው)፣ ኤች.ቲ.ኤን (ደም ግፊት)፣ ዲ.ኤም (ስኳር)፣ ዩ.ቲ.አይ (የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን)፣ ፒ.ዩ.ዲ (የጨጓራ ቁስለት) አይነቶቹ የምርመራው ውጤት እንጂ የሚዋጥ ነገር አይደሉም። እነሱን ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ሌሊቱን ሙሉ ከመባነን ሐኪሙን «ምንድነው ያለብኝ፣ በአማርኛ» ማለት ይቀላል።

መስኮቱ ጋ ምን ልበል?

ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ውጡ ከጥበበ ግዮን፣ ከጤና ጣቢያም ይሁን ከግል ክሊኒክ፣ ወረቀቱን ለፋርማሲው ከመስጠታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፣ ማታ ጥያቄ ሲመጣባችሁ በእጃችሁ የሚገኘው ፓኮው ብቻ ነው። ከዚያ መድኃኒቱን ሲሰጧችሁ «እሺ እሺ» ብላችሁ አትቀበሉ። መልሳችሁ እናንተ ንገሩት፦ «ይሄን ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት፣ ይሄን ከመብላቴ በፊት አንድ፣ አስራ አራት ቀን ሙሉ፣ ልክ ነኝ?» በሉት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ከኋላ ያለው ሰው ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም። ፓኮው ላይ «2×2» እንዳይጽፍ፣ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብሎ በአማርኛ እንዲጽፍ ጠይቁት፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ከሆነ ፀሐይና ጨረቃ ይሳልለት፣ ከስራቸው በፍሬው ልክ ጭረት። የአክስቴን እኔ ራሴ በማርከር ሳልኩላት፣ ጨረቃዬን «እንጀራ ነው እንዴ?» አለችኝ፣ ግን ገባት።

ፓኮው ላይ ያለው ቀንስ?

ይሄ ማዘዣው ላይ የለም፣ ግን የአክስቴን ዘንቢል ስፈትሽ አገኘሁትና ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም። ከቤቷ ይዛው የመጣች የብስኩት ቆርቆሮ አለች፣ ውስጡ የአምስት ስድስት በሽታ ትራፊ ኪኒን ነው። አንዱን አውጥቼ ሳየው ኢ.ኤክስ.ፒ ይልና 03/2025 ይላል። ኢ.ኤክስ.ፒ ጊዜው የሚያልፍበት ነው፣ ኤም.ኤፍ.ጂ የተመረተበት። ቀን ሳይጠቀስ ወርና ዓመት ብቻ ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው፣ ፈረንጅ 3ኛ ወር ማርች ነው፣ መጨረሻው በኛ መጋቢት 22 ቀን 2017 ላይ ይውላል። እኛ ያኔ ነሐሴ 2017 ላይ ነበርን።

አልፎበታል፣ ልጣለው ስላት ከእጄ ቀማችኝ። ብርሃን ላይ ይዛ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችው። «ሁለት ሺህ ሃያ አምስት። ገና አስራ ሰባት ነን እኮ፣ ስምንት ዓመት የቀረውን መድኃኒት ልትጥልብኝ ነው?»